ሐረጎ ላይ የወለቀው መንጋጋ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ እስክትሞላ እጠብቅ ነበር። የምሄደው ሥራ ለመቀየር ነው። አጎቴ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊነት ቦታ አግኝቶልኝ ነበር፤ ከኮምፒውተርና ከዕቃ ጋር የሚያውል፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሌለበት ሥራ። «ነይና ኃላፊውን አናግሪው፤ የቀረውን እኔ ጨርሻለሁ» ብሎኛል።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ትዕግስት እባላለሁ። ፊዚዮቴራፒ ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ደሴ በሚገኝ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ ተቀጥሬ ስለ ሰው አካል አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ካልነው ነው እንግዲህ። ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ተማሪዎቼ «ሹክሹክታ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ከኋላ ያሉት «ቲቸር፣ ድምፅ ጨምሪ!» ብለው ሲጮኹ ሌላው ይስቃል፤ እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ መጻፍ እጀምራለሁ። በዚያ ሳምንት ተራው የመገጣጠሚያዎች ነበር። ትከሻና ዳሌ በጎድጓዳ ውስጥ እንዳለ ኳስ በሁሉም አቅጣጫ እንደሚዞሩ፣ ክርንና ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ወደ አንድ ወገን እንደሚታጠፉ፣ አንገት በምሰሶ ዙሪያ እንዳለ ቀለበት እንደሚሽከረከር፣ የአውራ ጣት ሥር እንደ ኮርቻ እንደሆነ፣ ሁሉንም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ ደረደርኩት። ዞር ስል ግማሾቹ ስልካቸው ላይ ነበሩ። ማታውኑ ለአጎቴ ደወልኩለት።

ሚኒባሷ ሞልታ ልትነሳ ስትል የጎን በሯ አልዘጋ አለ። አንድ ተሳፋሪ ከውስጥ ሆኖ በኃይል ይገፋዋል። ሾፌሩ አያሌው፣ ጸጉሩ የሸበተ ቀልደኛ ሰው፣ ወርዶ መጣ።

«ተው ወንድሜ፣ እልኸኛ ነው። ከሐዲዱ ወጥቷል፤ በገፋኸው ቁጥር ይብስበታል።»

በሩን በሁለት እጁ ያዘና መጀመሪያ ወደ ታች ተጫነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሸርተት አደረገው። ቀጭ ብሎ ገባ። «ትዳርም እንዲህ ቢመለስ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከጎኔ የተቀመጡት ሴት አብረው አልሳቁም፤ ጭናቸው ላይ የያዙትን የማር ባልዲ በሁለት እጃቸው አቅፈው ስለ ክዳኑ ይጨነቁ ነበር። ወይዘሮ ፋጡማ ይባላሉ። ልጃቸው ሰይድ ከሾፌሩ አጠገብ ከፊት ተቀምጧል። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ወሬያቸውን ጀመሩልኝ። ኮምቦልቻ ያለችው ልጃቸው መዲና ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ወልዳለች። ዛሬ አቂቃ ነው፤ ስም ይወጣል።

«ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ሆዷ ውስጥ ሳለች ነው የመረጥኩላት። መዲናም አታውቀውም፣ ያም አያውቀውም» ብለው በአገጫቸው ወደ ሰይድ ጠቆሙ። «አፌ ውስጥ ይዤው ስዞር ይኸው ስንት ጊዜዬ።»

«ሴት ናት?» አልኩ።

«ሴት ናት። ማሻአላህ በይ እንጂ!»

«ማሻአላህ።»

«ጮክ በይ፤ ለምን ትሰስቻለሽ!»

ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር ማዛጋት ጀመሩ። እንደ ብዙ የወሎ ሙስሊሞች በእያንዳንዱ ማዛጋት አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። አንዱ ጠምዛዛ ላይ ግን ሚኒባሷ ዘንበል ስትል ባልዲው ሊያመልጣቸው ሆነ፤ በሁለት እጃቸው አፈፍ አደረጉት። ልክ በዚያች ቅጽበት ትልቅ ማዛጋት መጣባቸው። አፋቸው ተከፈተ። ሳይሸፈን ተከፈተ። ከዚያ አልዘጋ አለ።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። «አ… አ…» ይላሉ፤ አገጫቸው ወደ ፊት ወጥቷል፤ ዓይናቸው ባልዲውን ወደያዙት እጆቻቸው ይመለከታል፣ ወደ እኔ ይመለሳል። ያሰቡትን ለመረዳት ቃል አላስፈለገኝም። እሳቸው ባደጉበት እምነት ሲያዛጉ ያልተሸፈነ አፍ ለሸይጧን የተከፈተ በር ነው። ገብቶብኛል ብለዋል።

ሰይድ ዞሮ አየና ደነገጠ። «እማ! ምን ሆንሽ? ዝጊው እንጂ!» በመቀመጫው ላይ ተንጠራርቶ አገጫቸውን ወደ ላይ ገፋው። በሕመም ጮኹ።

«ስትሮክ ነው» አለ አያሌው በመስታወቱ እያየ።

«ምን ስትሮክ!» አለች ከኋላችን የተቀመጠች ሴት። «ሳትሸፍን ስታዛጋ አይቻታለሁ። ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት። ጂን ነው የያዛት።»

በዚህ መሐል ከፊታችን ያሉት መኪኖች ቆሙ። ሲሚንቶ የጫነ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ከኋላችንም ወዲያው ተደረደረ። ወደ ኮምቦልቻም ወደ ደሴም መሄድ አይቻልም።

ሰይድ ስልኩን አወጣ። የደወለው ለመዲና አማት ለወይዘሮ ዘምዘም ነው። ድግሱ በእሳቸው ቤት ነው፤ አራሷም እዚያ ናት። በችኮላ ድምፅ ማጉያውን ነካውና ሁላችንም ሰማን።

«እማን ነገር ያዛት፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሳትሸፍን አዛግታ ነው ይላሉ።»

«ያ አላህ» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም። «ሰይድ ልጄ፣ አትቀየመኝ። እንዲህ ሆና አራስ ቤት አትገባም፤ ጨቅላዋን አትይዝም። መጀመሪያ ቁርአን ይቀራባት። ስሙን ሌላ ሰው ያወጣዋል።»

ወይዘሮ ፋጡማ ሁሉንም ሰሙ። አላለቀሱም። ባልዲውን ከጭናቸው አነሱና ቀስ ብለው ለሰይድ አቀበሉት፤ አንተ አድርስልኝ ማለታቸው ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ግን አውቀው ነበር። ከጆሯቸው ፊት ለፊት፣ በሁለቱም ወገን፣ ቆዳቸው ጎድጉዶ አይቻለሁ። ክንዳቸውን ባልዲውን ለመስጠት እኩል ሲያነሱም አይቻለሁ፤ አንዱም ወገን አልደከመም። ይህ የመንጋጋ መገጣጠሚያ መውለቅ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሆስፒታል ውስጥ አስተማሪያችን ሲመልሰው አጠገቡ ነበርኩ፤ ሁለተኛውን ሕመምተኛ ደግሞ እጄን ይዞ እኔ እንድመልሰው አድርጎኛል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ሰዉ እየተንጫጫ፣ ዝም ብዬ ጉልበቴን አየሁ። ባልዲው ከእጃቸው ሲወጣ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

ለሚኒባሱ ሰው መናገር አልደፈርኩም። ለእሳቸው ብቻ ተናገርኩ። ክንዳቸውን ያዝኩና፣ «እማማ፣ ይስሙኝ። ይህ አጥንት ነው። ከቦታው ወጥቶ ነው፤ ይመለሳል» አልኳቸው።

«ምን አለች?» አለች ከኋላ ያለችው ሴት።

«ዝም በይና እንስማ» አላት አንዱ።

«አንዴ ፈገግ ለማለት ይሞክሩ። እሺ። አሁን ሁለቱን እጄን ጭምቅ ያድርጉ። በጣም ጥሩ፤ እኩል ነው። ስትሮክ አይመስልም።» ቀና ስል ሚኒባሷ ጸጥ ብላለች። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያዳምጠኛል። ደነገጥኩ፤ ግን ዓይኔን ከወይዘሮ ፋጡማ ሳልነቅል ቀጠልኩ።

«ክርናችን የሚታጠፈው እንደ በር ማጠፊያ ነው። መንጋጋ ግን ሁለት ሥራ አለው። ትንሽ ስንከፍተው ይታጠፋል፤ በጣም ስንከፍተው ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። እንደዚህ መኪና የጎን በር ማለት ነው። ከፊቱ ትንሽ ጉብታ አለች። ማዛጋቱ ሲበዛ ጉብታዋን አልፎ ማዶ ወደቀ። ከሐዲዱ ወጣ። ጡንቻው ደግሞ ወደ ላይ ወጥሮ ስለያዘው መመለሻ አጣ። አገጩን ወደ ላይ መግፋት ያባብሰዋል።»

«ወደ ታች ነው፣ ከዚያ ወደ ኋላ!» ብሎ አያሌው መሪውን መታ።

«አዎ። እንደሱ።»

ከመጨረሻው ወንበር ሸህ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ተነሱ። ወደ ሐርቡ የሚሄዱ ናቸው፤ እስካሁን በለሆሳስ ዱዓ ሲያደርጉ ነበር። «ልጄ፣ ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም ሸህ። ፊዚዮቴራፒ ነው የተማርኩት። ይህን ያደረግኩት አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም አስተማሪዬ እጄን ይዞ።»

ውሸት መናገር አልፈለግኩም፤ ግን ስናገረው ሰይድ ፊቱን ሲያጨልም አየሁ። አስተማሪዬ ጋ ደወልኩ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አነሳ። ወድቀው ወይም ተመትተው እንደሆነ፣ ሌላ የደከመ አካል እንዳለ፣ የጥርሳቸውን ሁኔታ ጠየቀኝና፣ «ሞክሪ። ጣትሽን በደንብ ጠቅልይ። በዝግታ ነው። እምቢ ካለሽ አታስገድጂው፤ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቂ። ቢመለስም ባይመለስም ዛሬውኑ ሆስፒታል ይታዩ» አለኝ።

አሁን ሁሉም የሚጠብቀው ሰይድን ነበር። «ጂንም ቢሆንስ?» አለ ወደ ሸህ ይማም ዞሮ።

ሽማግሌው ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ጂን ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል። አጥንት ከቦታው ከወጣ ግን ይመለሳል። እሷ እጇን ትዘርጋ፤ እኔ ዱዓዬን አልተውም። የቱ ከየቱ ይጣላል?»

«ሸህ» አልኳቸው፣ «ዱዓውን ያድርጉልኝ። ግን ቀስ ብለው፣ ረጋ ብለው። የፈራ ሰው ጡንቻው ይጠነክራል። እሳቸው ከተረጋጉልኝ ግማሹ ሥራ አለቀ።»

«መርሀባ» አሉ ተስማምተው።

አያሌው የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ሲከፍተው አንድ ጥቅል ፋሻና አንድ ጠመንጃ መፍቻ ብቻ ተገኘ። «ፋሻውን ውሰጂ፤ መፍቻው ለእኔ ነው» አለ። ወርደን ከመንገዱ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወይዘሮ ፋጡማን አስቀመጥናቸው። ሰይድ ከኋላቸው ቆሞ ጭንቅላታቸውን ሆዱ ላይ አስደግፎ ያዘ። እጄን ታጠብኩ፤ ሁለቱን አውራ ጣቶቼን በፋሻ ደራርቤ ጠቀለልኩ። ከታች ገደሉ፣ ከላይ የባህር ዛፉ፣ ዙሪያውን ከየመኪናው የወረደ ሰው። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰው እያየኝ እጄን አላነሳም ነበር።

አውራ ጣቶቼን በታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶቻቸው ላይ አኖርኩ፤ በቀሩት ጣቶቼ አገጫቸውን ከሥር ያዝኩ። ሸህ ይማም በዝግታ ጀመሩ። ወደ ታች ተጫንኩ። አልተንቀሳቀሰም። ጡንቻው እንደ ገመድ ተወጥሯል። ላብ ወደ ዓይኔ ወረደ።

«አብሽሪ እማ» አለ ሰይድ፤ ድምፁ ሰለለ። «አብሽሪ፣ እኔ ይዤሻለሁ።»

አልገፋሁም፤ ዝም ብዬ ክብደቴን ጣልኩና ጠበቅኩ። ወይዘሮ ፋጡማ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓውን በውስጣቸው ይከተሉ ጀመር። በእያንዳንዱ ቃል ትከሻቸው ዝቅ፣ ዝቅ አለ። ጣቶቼ ሥር ያለው ገመድ ሲላላ ተሰማኝ። ወደ ታች ሄደ። ትንሽ ጠብቄ ወደ ኋላ ሸርተት አደረግኩት።

ቀጭ አለ። አፋቸው ተዘጋ፤ በሁለቱ ጣቶቼ ላይ።

ጣቴን አውጥቼ አየሁ። ፋሻው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው በስምንት ጣት ነበር። ወይዘሮ ፋጡማ አገጫቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ከዚያ፣ «ነከስኩሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

መንገዱ ዳር ያለው ሰው «አልሃምዱሊላህ!» እና «ተመስገን!» እያለ አንድ ላይ ጮኸ። ሻሻቸውን ከአገጫቸው ሥር አሳልፌ አናታቸው ላይ አሰርኩላቸውና፣ ለጥቂት ሳምንታት አፋቸውን በሰፊው እንዳይከፍቱ፣ ሲያዛጉ አገጫቸውን ከሥር በመዳፋቸው እንዲደግፉ፣ ጠንካራ ነገር እንዳያኝኩ ነገርኳቸው።

«ስም ማውጣትስ?»

«በዝግታ፤ ጥርስዎ ገጠም ብሎ።»

ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ማንም በማይሰማው ድምፅ ሞከሩት። ሲመለሱ ዓይናቸው ይስቃል። «ይወጣል» አሉኝ።

ግን የሚያስገባቸው ሰው ገና አልተገኘም። ሰይድ እንደገና ደወለ። ወይዘሮ ዘምዘም አላመኑም። ስልኩ ወደ ሸህ ይማም ሄደ፤ እሳቸውም፣ «ዱዓውን እኔ አድርጌያለሁ፤ አጥንቱን የመለሰችው እቺ ልጅ ናት። እሷን ጠይቂያት» ብለው ሰጡኝ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የመንጋጋቸው መገጣጠሚያ…»

«ምን? አይሰማም! ድምፅ ጨምሪ!»

እንደገና ጀመርኩ። ምላሴ ተሳሰረ። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘምዘም፣ «ኑና እናያለን» ብለው ዘጉት። በሩን ክፍት አላደረጉትም፤ አልዘጉትምም። ሰይድ አየኝ። «እህቴ፣ አብረሽን ነይ። እኔ ብናገር ለእናቱ ብሎ ነው ይላሉ።»

መንገዱ ከቀትር በኋላ ተከፈተ። ኮምቦልቻ እንደገባን በመጀመሪያ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ አይቶ ቦታው ላይ መሆኑን አረጋገጠ። በዚህ መሐል አጎቴ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ ኃላፊው እየጠበቀኝ ነበር። «ዛሬ አልችልም» አልኩት። ምክንያቱን ላስረዳው ስጀምር እንደ ልማዴ በሹክሹክታ ነበርና ሳይሰማኝ ተቆጥቶ ዘጋ።

የድግሱ ግቢ በሸራ ተጋርዷል፤ ሰዉ በልቶ ስም ማውጣቱን እየጠበቀ ነው። ወይዘሮ ዘምዘም፣ ረጅም ግርማ ያላቸው ሴት፣ በሩ ላይ ተቀበሉን። ወይዘሮ ፋጡማን ሦስት ጊዜ ሳሟቸው፤ ከበሩ ግን ፈቀቅ አላሉም። ዓይናቸው በወይዘሮ ፋጡማ አገጭ ሥር በታሰረው ሻሽ ላይ ነው። ከቤቱ ውስጥ የጨቅላዋ ልቅሶ ይሰማል። ወይዘሮ ፋጡማ ወደ ድምፁ አንገታቸውን አዘነበሉ፤ አንድ እርምጃ ግን አልተራመዱም። የሰው ቤት ነው።

«ልጄ፣ በስልክ ያወራሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ ወይዘሮ ዘምዘም። «ንገሪኝ እስቲ። ሳትታመም፣ ሳትወድቅ፣ እንዴት አፍ ተከፍቶ ይቀራል? አራስ አለብኝ፤ የምፈራው ለጨቅላዋ ነው።»

ግቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰሌዳ ፈለግኩ፤ የምዞርበት ሰሌዳ አልነበረም። ስለዚህ ያለኝን ብቻ አደረግኩ፤ ጠጋ ብዬ፣ «ሁለት ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት ያኑሩ» አልኳቸው።

ግራ ተጋብተው አኖሩ።

«አፍዎን ትንሽ ይክፈቱ። አሁን ይበልጥ። ምን ተሰማዎት?»

ወይዘሮ ዘምዘም ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ። ግርማቸው ጠፍቶ እንደ ልጅ ሆኑ። «ወጣ! ወደ ፊት ሄደ! ውይ፣ ተመለሰ!»

«እሱ ነው። የእርስዎ ወጥቶ ተመለሰ። የእሳቸው ወጥቶ ቀረ። ሌላ ነገር የለውም።»

ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ጣታቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱ። ከዚያ ከሸራው ሥር የተቀመጡት ወንዶች። ብታዩት! ግቢ ሙሉ ሰው፣ ሽማግሌው ከነኮፊያው፣ ጆሮው ሥር ጣቱን አድርጎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንዱ «የእኔ ይንቋቋል!» ይላል። ሌላው «አንተ ድሮም ከማውራት አላረፍክ!» ይለዋል። ሳቁ ከቤት ውስጥ መዲናን አስነሳት፤ ጨቅላዋን አቅፋ ብቅ አለች።

«እማ?» አለች።

ወይዘሮ ዘምዘም ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ጨቅላዋን ከመዲና እጅ ተቀብለው በራሳቸው እጅ ለወይዘሮ ፋጡማ ሰጡ። «አፉ በይኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። «በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር ብለሽ አፉ በይኝ።»

ወይዘሮ ፋጡማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ሰዉን አዩ። ግቢው ገና እየሳቀ ነው። ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ አይችሉም፤ እኔ ከልክያቸዋለሁ። ቆመው ጠበቁ። አልቸኮሉም፣ አልተቆጡም፣ አልተሳቀቁም። ጠበቁ። አንዱ ሌላውን «እሽ» አለ፤ ጸጥታው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ሄደ፤ በመጨረሻ የሸራው መርገብገብ ብቻ ቀረ። ያኔ ጥርሳቸውን ገጠም እንዳደረጉ፣ የእኔን ድምፅ በሚያህል ድምፅ፣ «ኸይሪያ» አሉ።

ከሸራው ጥግ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ሰማው። «ኸይሪያ! ማሻአላህ፣ ኸይሪያ!» ብሎ ግቢው ተቀበለ።

ውድ አንባቢያን፣ እንደ እኔ ድምፃችሁ ዝቅ ያለ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው የማይሰማኝ ስለማልጮህ ይመስለኝ ነበር። ወይዘሮ ፋጡማን ሳይ ግን ጸጥታን መጠበቅ እንደሚቻል አየሁ፤ የሚናገሩት ነገር እንዳላቸው ስለሚያውቁ አልተጣደፉም። ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም አለ፤ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ለመጠየቅ እንኳ እቸገራለሁ። የተውኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ስፈራ ወደ ግድግዳ መዞሬ ነው።

ማታውኑ ወደ ደሴ ተመለስኩ። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ማልጄ ለአጎቴ ደወልኩና ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገርኩት። ከዚያ አውራ ጣቶቼ እንዳበጡ ክፍል ገባሁ። ጫጫታው እንደ ወትሮው ነበር። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ፊቴን ወደ ተማሪዎቹ አድርጌ ቆምኩ። «ቲቸር፣ ድምፅ ጨምሪ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ገና አፌን ሳልከፍት። ሳቁ። ጠበቅኩ። ሳቁ አለቀ። አሁንም ጠበቅኩ፤ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ የኋላዎቹ ስልካቸውን አስቀመጡ።

ከዚያ በዚያው በራሴ ድምፅ፣ «ሁለት ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አኑሩ» አልኳቸው፤ «አፋችሁን ክፈቱ።»